«ልመጂው» የተባለችው መምህርት

መምህርት ዓይናዲስ ፈተና እያስፈተነች እንቅልፍ ጣላት። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷ ወደ ኋላ ወደቀ፣ አፏ ተከፈተ፣ ከዚያም አንኮራፋች። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ቀጥሎ መልስ ተቀያየሩ፤ በመጨረሻ አንዱ ከቦርሳው ስልክ አውጥቶ ቀረጻት። ቪዲዮው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። ሲመሻሽ ደግሞ አንድ የማታውቀው ሰው ዘፈን አስገብቶበት ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ቪዲዮው ላይ ትንፋሿ ቀጥ ይላል፤ ደረቷ ይታገላል፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ እንደወጣ ሰው አየር ስባ ትባንናለች። ያየው ሁሉ የሚስቀው እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው። ይቺ ሴትዮ እየታፈነች ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ዓይናዲስ ከዳባት ወዲያ ካለ የገብስ አገር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ጎንደር ኮሌጅ ገብታ ሒሳብ ተማረችና እዚያው ከተማ አስተማሪ ሆነች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን ግቢው ድረስ ይሰማል። ተማሪዎቿ «ቲቸር ዓይናዲስ ቁጡ ናት» ይላሉ፤ አልዋሹም። የምትቆጣው ግን ሳይገባው ገብቶኛል በሚል ልጅ ላይ ነው። አልገባኝም ያለውን ደጋግማ ብታስረዳው አይሰለቻትም።

እንቅልፉ የጀመራት ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ነበር። መጀመሪያ የአራስ ድካም ነው ብላ ተወችው። ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባም ድካሙ አልለቀቃትም። ባጃጅ ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል፤ ቅዳሴ ላይ እንደቆመች ይጥላታል፤ ሽንኩርት እየላጠች ቢላዋው እጇ ላይ እንዳለ ዓይኗ ይከደናል። ጠዋት ስትነሳ ራሷን ይወቅራታል። ሌሊት ደግሞ ታንኮራፋለች፤ ይህንንም ጎረቤቱ በግድግዳ በኩል እየሰማ ያውቃል። ባል ሲያንኮራፋ ሥራ ውሎ ደክሞት ነው ይባላል። ሚስት ስታንኮራፋ ግን መሳቂያ ናት። ዓይናዲስ ዘመድ ቤት ማደር የግድ ሲሆንባት እንዳታሰማ ብላ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ታነጋ ነበር። አማቷ ወይዘሮ መንበረም «ልጄ ሚስት አገባ ወይስ ትራስ» እያሉ፣ እሷ በምትሰማበት፣ ከጎረቤት ጋር ይስቁ ነበር። ዓይናዲስ አትመልስላቸውም። ሲደክመው የኖረ ሰው ለመቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል።

ቪዲዮው በወጣ ማግስት ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራት። ክንዱ ይባላል፤ ከእሷ ጋር አንድ ኮሌጅ፣ አንድ ክፍል የተማረ ሰው ነው።

«አይቼዋለሁ» አለችው ገና ስልኩን ሲያነሳ።

«ወላጆች እየደወሉ ነው ዓይናዲስ። ለልጆቻችን የመደባችሁት የምትተኛ አስተማሪ ነው ወይ እያሉኝ ነው።»

«አሞኝ ይሆናል እኮ።»

«ካመመሽ ማስረጃ አምጪ። እስከዚያው ቤተ መጻሕፍት ትሠሪያለሽ። እዚያ እንኳ የሚቀርጽሽ የለም።»

የመጨረሻዋን ሲናገር ፈገግ ብሎ ነበር። የቀረጻትን ልጅ ማንም አልጠራውም፤ ወላጁም አልተጠየቀም። ክፍሏን ለአንድ አዲስ ወጣት መምህር ሰጡት፣ እሷን አቧራ የጠጡ መጻሕፍት መሀል አስቀመጧት። እዚያም ከመደርደሪያው ጀርባ እየገባች ትተኛ ነበር። ማንም ስላልፈለጋት ማንም አላያትም።

ሐኪም ቤት የሄደችው ስለ እንቅልፉ አልነበረም፤ ራስ ምታቱ ስለጸናባት ነው። ሐኪሙ ደም ግፊቷን ለካና ፊቱን ኮሰተር አደረገ። ከዚያ ታንኮራፋ እንደሆነ ጠየቃት። ዓይናዲስ ቪዲዮውን አይቶ የሚያላግጥባት መሰላትና ልትነሳ ፈለገች።

«አልቀለድኩም» አላት ሐኪሙ። «ትንፋሽሽ እንደሚቆም ባለቤትሽ ነግሮሽ ያውቃል?»

ባሏ ሰውአገኝ አብሯት መጥቶ ነበርና እሱ መለሰ። «ይቆማል። ቀጥ ብሎ ይቆምና አንድ ነገር ብሎ ይመለሳል። እኔ ሕልም ይመስለኝ ነበር።»

ሐኪሙ አዲስ አበባ ላካት፤ እዚያ ደረቷና ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ ተለጥፎባት አንድ ሌሊት ተኝታ አደረች። ውጤቱ ሲመጣ ስሊፕ አፕኒያ የሚባል ነገር ነው አሏት። ስትተኛ ጉሮሮዋ ይዘጋል፣ ትንፋሿ ይቋረጣል፣ አንጎሏ እንዳትሞት ብሎ ይቀሰቅሳታል፣ መልሳ ትተኛለች፣ መልሶ ይዘጋል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ለዓመታት ተኝታ አታውቅም ማለት ነው። ሰነፍ ሲሏት፣ እንቅልፋም ሲሏት፣ ትራስ ሲሏት የኖሩት አንድም ሌሊት በቅጡ ያልተኛችን ሴት ነው። ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ሰውአገኝ ደንግጣ ያለቀሰች መስሎት ሊያጽናናት እጇን ያዘ። እጇን ከእጁ አወጣች። ደንግጣ አልነበረም፤ ተናዳ ነው።

መድኃኒቱ ሌሊት ሌሊት ፊት ላይ በሚታሰር ማስክ አየር የሚገፋ ማሽን ነው። አየሩ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ከፍቶ ይይዘዋል። ማሽኑ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ ያገኘላትም ሰውአገኝ ነው። ሰውአገኝ አሉሚኒየምና መስታወት ሠራተኛ ነው፤ ጎንደር ፒያሳ ካሉት ሱቆች የብዙዎቹን በርና መስኮት የገጠመው እሱ ነው። ከደንበኞቹ አንዷ ረውዳ የሚባሉ፣ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ሟቹ ዐብዱልከሪም በዚሁ በሽታ ማሽን ይጠቀሙ እንደነበር ሰውአገኝ ያውቅ ነበርና ሄዶ ለመናቸው። ረውዳ ማሽኑን ከነሣጥኑ፣ ከላስቲኩ ካልወጣ አዲስ ማስክ ጋር አውጥተው ሰጡት። ላመስግንዎ ሲላቸው «ቁም ሣጥን ውስጥ ከሚቀመጥ ሰው ይተንፍስበት» ነው ያሉት።

ሐኪሙ የማሽኑን የአየር ግፊት ለእሷ እንደሚሆን አስተካከለው። ማስኩን እንዴት እንደምታስር ካሳያት በኋላ ለሁለቱም «በጉንጭና በአፍንጫ ዙሪያ አየር እንዳያፈስ ተጠንቀቁ፤ ካፈሰ አይሠራም» አላቸው። ሰውአገኝ አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠ። እንዳያፈስ ማድረግ የዕለት ሥራው ነው።

የመጀመሪያው ሰሞን እሷ ራሷ ማመን ያቃታት ነበር። ጠዋት ነቃችና ራሷ አልተወቀረም። ልጆቿን አልብሳ፣ ቁርስ አብልታ፣ ራሷም በላች። በባጃጅ ስትሄድ መንገዱን ሁሉ እያየች ሄደች፤ ለካ በዚያ መንገድ ስታልፍ የከረመችው ዓይኗን ከድና ነው። ቤተ መጻሕፍቱን አቧራውን አራግፋ ደረደረችው። ክንዱን መተላለፊያው ላይ አገኘችውና ሕክምና መጀመሯን ነገረችው፤ ክፍሌን መልስልኝ አለችው። «እስኪ እንየው» አላት።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ።

ማስኩን አድርጋ በተኛች ጥቂት ቆይታ እየታፈነች ትነቃለች። አየሩ ይገፋል፣ ማሽኑም ይሠራል፣ እሷ ግን የሳበችው ትንፋሽ የማይበቃት፣ የሞቀና የከበደ ይሆንባታል። ልቧ ይመታል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ማስኩን ነቅላ ትጥለዋለች። ጠዋት ራሷን የሚወቅራት ከዱሮው ብሶ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠረችው መብራት ኃይልን ነበር። ማራኪ ሠፈር መብራት እንዳሻው ይሄዳል ይመጣል፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ይቆማል። ታፍና በነቃችበት ሌሊት ግን ሰውአገኝ የሠፈሩ መብራት እንደበራ አሳያት። ቀጥሎ ቱቦው ታጥፎ ይሆናል ብላ ዘርግታ አየችው፤ አልታጠፈም። የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ አወጣች፤ ንጹሕ ነው። ማስኩን በሞቀ ውኃና በሳሙና አጠበችው፣ አድርቃ መልሳ አሰረችው። ያው ነው።

«ላልቶብሽ ነው» አላት ሰውአገኝ፣ ማሰሪያውን ሳበና አጠበቀው። በነጋታውም ታፈንኩ ስትለው መልሶ አጠበቀው። ሲሰነብት የማስኩ ጠርዝ ጉንጯ ላይ እንደ ጅራፍ ምልክት አወጣ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ስትገባ ፊቷን አይተው ባሏ መታት ብለው አሙ፤ ይህንንም ሰማች።

ማስኩን በፌስታል ይዛ ሐኪሙ ጋ ተመለሰች።

«ያፍነኛል» አለችው።

«መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ይጨነቃል።»

«መጀመሪያ ላይ ደኅና ነበርኩ። ያፈነኝ አሁን ነው። ይኸው ይዤዋለሁ፣ ይዩልኝ።»

ሐኪሙ በር ላይ የተሰለፈውን ሰው በዓይኑ ቆጠረ። ፌስታሉን አልከፈተውም። «ፊት ላይ አንድ ነገር ሲታሰር አእምሮ ይፈራል። ልመጂው። የሚያረጋጋ ኪኒን እጽፍልሻለሁ» አላት።

ኪኒኑን አልገዛችም። አልፈራሁም እያለች በእግሯ ቤቷ ገባች። እናቷ እናኑ ከዳባት ደውለው ነበር። «ምነው ልጄ፣ ድምፅሽ ምነው? ያን ላስቲክ ፊትሽ ላይ ማሰሩን ተይውና ጠበል ግቢ፤ ሸጋ ሁነሽ ትነሻለሽ» አሏት። ሰውአገኝ ደግሞ ራት ላይ፣ በቀስታ፣ የሚቆረቆርላትን ሰው ድምፅ ይዞ፣ «ሐኪሙ ልመጂው ካለሽ ልመጂው እንጂ፤ አንቺ ትዕግሥት የለሽም» አላት።

እዚህ ላይ ዓይናዲስ ሰሃኑን ገፋ አደረገችና ተነሣች። ተማሪዎቿ አልገባኝም ሲሏት የት ጋ እንዳልገባቸው ትጠይቃለች እንጂ ልመዱት አትልም። እሷን ግን የት ጋ እንደታፈነች የጠየቃት የለም። ሁሉም መልስ ነበረው። ማስኩን አውልቃ ያለ ማስክ ተኛች። ዱሮ ወደነበረችበት ተመለሰች፤ ሰነባብታ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ መጽሐፍ ልትዋስ የመጣች ተማሪ እየጠበቀቻት፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ተገኘች። ክንዱ ይህንን ሲሰማ «ብያችሁ ነበር» አለ አሉ።

ማሽኑን ለባለቤቱ ልመልስ ብላ ሣጥኑን አንጠልጥላ ፒያሳ ወጣች። የረውዳ ሱቅ ከባንኩ ጎን ነው። ረውዳ ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለኩ ነበር፤ ዓይናዲስ ደንበኛዋ እስክትወጣ ጠበቀችና ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ ረውዳ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አልሆነልኝም። ይህ ነገር ሰው ይገድላል።»

ረውዳ መለኪያውን አስቀመጡ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ማሽኑ አይደለም ሰው የሚገድለው» አሉ። «ልንገርሽና ስሚኝ። ዐብዱልከሪም በዚህ አራት ዓመት ተኝቷል። አጠገቡ ተኝቼ አውቀዋለሁ። መተማ ለንግድ ሲሄድ ግን ትቶት ሄደ። ከነጋዴዎቹ ጋር አንድ ክፍል ስለሚያድሩ ሲስቁበት ጊዜ አፍሮ። ያዝ ብዬው ነበር። ሁለት ሌሊት ምን ይሆናል አለኝ። ሆቴሉ አልጋ ላይ አገኙት።» ጨርቁን አጣጠፉ። «ለቅሶ ቤት መጥተው አላህ ያጽናሽ አሉኝ፤ እነዚያው የሳቁት። እኔ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ዛሬም አልችልም።»

ረውዳ ግን ሐዘን ላይ አልቆዩም። «አሁን አንቺ የሆንሽውን ንገሪኝ» አሉ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ።»

ማንም ያልጠየቃት ጥያቄ ነበር። ነገረቻቸው፤ መጀመሪያ ደኅና እንደነበረ፣ በኋላ እንደተለወጠ፣ የምትስበው አየር የሞቀ እንደሚሆንባት፣ ራሷን እንደሚወቅራት። ረውዳ እየሰሙ ማስኩን ከሣጥኑ አወጡ፣ ከቱቦው ጋር ገጣጠሙ፣ ሶኬት ላይ ሰክተው አስነሱት። ማስኩን መዳፋቸው ላይ ደፍተው ያዙና ፊት ለፊቱን ወደ ጉንጫቸው አስጠጉት። ቆዩ። እንደገና አስጠጉት።

«ነፋሱ የት አለ?» አሉ።

«የምን ነፋስ?»

«ከፊቱ የሚወጣው ነፋስ። እኔ አራት ዓመት አንገቴን ሲበርደኝ ነው የተኛሁት። እሱ ወደ እኔ ሲዞር በሻሽ ነበር የምሸፈነው። አንድ ጊዜ ብርድ ልብሱን በፊቱ ላይ አልብሼበት ታፍኖ ተነሣ፤ ይህን የላከለት ወንድሙ በስልክ ጮኸብኝ፣ ያ ቀዳዳ እንዳይዘጋ፣ የሚያስወጣው ትንፋሽ በዚያ ነው የሚወጣው፣ ከተዘጋ የገዛ ትንፋሹን መልሶ ይስባል አለኝ።»

ከኋላ ክፍል ገብተው አንድ የጨርቅ ቦርሳ ይዘው ተመለሱ። የሟቹ ማስክ ነበር፤ ማሽኑን ሲሰጡ እሱን ለራሳቸው አስቀርተውት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ አኖሯቸው። በዐብዱልከሪም ማስክ ፊት ለፊት፣ ቱቦው ከሚገባበት በላይ፣ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ብዙ ትንንሽ ቀዳዳዎች በክብ ተደርድረዋል። በዓይናዲስ ማስክ ላይ እዚያው ቦታ ላይ ልሙጥ ነው።

ዓይናዲስ በጥፍሯ ጫረችው። ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ደረቀ ሙጫ ያለ ነገር ተላጠና ጥፍሯ ሥር ቀረ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። በየሳምንቱ ከባሏ ሸሚዝ ላይ እየፈተገች የምታወጣው ሲሊኮን ነው፤ መስታወት ከአሉሚኒየም ጋር የሚያጣብቁበት።

ማስኩን ይዛ ወጣች። ረውዳ ከኋላዋ ሲጠሯት አልሰማችም።

የሰውአገኝ መሥሪያ ቤት ቁልቁለቱ ላይ ነው። ሁለት ሠራተኞች መስታወት ይዘው ነበር፤ ስትገባ ፊቷን አይተው መስታወቱን ግድግዳ ላይ አስደገፉና ወጡ። ማስኩን ወደ ደረቱ አስጠጋችው።

«ይህን የደፈንከው አንተ ነህ?»

ሰውአገኝ ተቀብሎ አየው። አላፈረም፤ አልደነገጠም። «አዎ፣ ያፈስ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ያኔ፣ መጀመሪያ ላይ። ሐኪሙ አየር እንዳያፈስ ጠብቁ አላለንም? አንድ ቀን አንቺ ሥራ ሄደሽ ማሽኑን አስነስቼ ሳየው በፊት ለፊቱ አየር ይወጣል። ለምን ይባክናል ብዬ ደፈንኩት። ጥሩ አድርጌ ነው የደፈንኩት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑ ይነገራል ዓይናዲስ? የበር እጀታ ሲላላ ባጠብቀው እነግርሻለሁ?»

«በሩ ፊቴ ላይ ነው ያለው» አለችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ እሱን ያስፈራውም ያ ነው። «የምተነፍስበትን ነው የደፈንከው። ትንፋሼ መውጫ አጥቶ መልሼ እሱኑ ስስብ ነው የከረምኩት። ታፈንኩ ስልህ ምን አልከኝ?»

ሰውአገኝ ወደ ማስኩ አቀረቀረ።

«ምን አልከኝ?»

«ልመጂው።»

«ከዚያስ? ማሰሪያውን አጠበቅክ። ታፈንኩ ባልኩህ ቁጥር አጠበቅክ። በቀን ስንት መስኮት ትሠራለህ፤ ደንበኛው ነፋስ ገባብኝ ሲልህ ሄደህ ታያለህ። እኔ ስነግርህ ግን አላየህም። ትዕግሥት የለሽም አልክ።»

አሁን ነው የገባው። ማስኩን ያዘና ፊት ለፊቱን በጣቱ ዳሰሰ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ፣ መስታወት ስብርባሪ ላይ፣ ቁጭ አለ። «ልገድልሽ ነበር» አለ ለራሱ ይመስል። ማስኩን ከእጁ ስትወስድበት ቀና አለና እጁን ዘረጋ። «ስጪኝ፤ በመርፌ አወጣዋለሁ። አንድም ሳይቀር አወጣዋለሁ።»

«እንዳትነካው።»

«ዓይናዲስ…»

«እንዳትነካው አልኩህ። ሳታስበው እንዳደረግከው አውቃለሁ። ክፉ ሰው እንዳልሆንክም አውቃለሁ። ለዚህ ነው የባሰ የሚያናድደኝ።»

ሠራተኞቹ በር ላይ ቆመው ነበር፤ አልፋቸው ወጣች። ሰውአገኝ ይህን ማሽን የፈለገላት፣ አዲስ አበባ አብሯት የተመላለሰ፣ ቪዲዮውን ሲያይ ስልኩን የወረወረ ሰው ነው። ባይሆን ኖሮ መቆጣቱ ይቀላት ነበር። የተቆጣችው ግን በሲሊኮኑ ብቻ አይደለም። አምኖ ቢሰማት ኖሮ በመጀመሪያው ጠዋት ያገኘው ነበር።

ፒያሳ ስትመለስ ረውዳ ሱቁን ዘግተው እየጠበቋት ነበር። የዐብዱልከሪምን ማስክ በሞቀ ውኃ አጥበው፣ ፎጣ ላይ አድርቀውታል።

«አዲሱን አትጠቀሚበት» አሏት። «ሲሊኮኑ ተላጠ ብለሽ አትመኚው፤ አንዱ ቀዳዳ ቢቀርስ? ወንድሙ ሌላ እስኪልክ በዚህ ተኚ።»

«ይህ ማስታወሻዎ ነው።»

«ማስታወሻዬ አይደለም። አልጥልም ብዬ ነው የያዝኩት» አሉና ቦርሳው ውስጥ ከተቱላት። «አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። የትም ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ። የሳቀ ይሳቅ።»

የወንድ ፊት ስለነበረ ማስኩ ትንሽ ሰፋት። ማታ ማታ ራሷ ከመስታወት ፊት ቆማ፣ ማሰሪያውን ላላ ጠበቅ እያደረገች፣ በጉንጯ በኩል አየር የሚወጣበትን በመዳፏ እየፈለገች አስተካከለችው። ከፊቱ የሚወጣውን ነፋስ ሳትዳስስ አትተኛም። ተኛች። ሰውአገኝ ፍራሽ ይዞ ሳሎን ወጣ፤ ውጣ አላለችውም፣ አትውጣም አላለችውም።

ሲሰነብት አንድ ነገር አስተዋለች። ስትተኛ ቁጣው ይበርዳል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልበረደም። እንዲያውም ጠዋት ጠዋት ከእሷ ጋር ነቅቶ ይነሳል። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያልተቆጣችው ደግ ሆና ሳይሆን አቅም አጥታ ነበር። አሁን አቅም አለ።

መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ሄደች። ሁለቱን ማስኮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። እያገላበጠ አየና ግንባሩን አሸ።

«እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም» አለ።

«አጋጥሞዎት ነበር። ፌስታሉ ውስጥ ነበር፤ አልከፈቱትም።»

ሐኪሙ ማስኩን አስቀመጠና «እውነትሽን ነው» አለ፤ ከዚያ ማስረጃውን ጻፈላት፣ ደም ግፊቷንም ራሱ ለካ። ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ቀጣዩን በሽተኛ ሲጠራ ግን «የያዝሽውን አሳዪኝ» ሲል ከበሩ ወዲያ ሰማችው።

ቀጥሎ ክንዱ ነበር። ማስረጃውን አነበበና ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋ አደረገው።

«ጥሩ። ግን መንፈቁ ተጋምሷል። ልጆቹም ገና አልረሱትም። ክፍል ስትገቢ ቢስቁብሽ ለአንቺም ጥሩ አይደለም።»

«የሚስቁት ልጆች አይደሉም ክንዱ። ልጆቹ ያዩትን ቀረጹ። ቪዲዮውን መምህራን ግሩፕ ላይ የለጠፈው ማነው?»

ክንዱ ቀና አለ።

«አንተ ነህ። ከሥሩም የሚስቅ ምልክት አስቀመጥክበት። አይቼዋለሁ። ያኔ ለመናገር ጉልበት አልነበረኝም።» ወንበሩን ሳበችና ሳይጋብዛት ተቀመጠች። «እዚያ ላይ ተኝታ የምታያት ሴትዮ ትንፋሿ ቆሞ ነበር። አብረን ተምረናል። ሚስትህ ታውቀኛለች፣ ልጆችህን አውቃቸዋለሁ። ትንፋሼ ሲቆም አየህና ሳቅክ። ይህን ሄጄ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ልንገር ወይስ ክፍሌን ትመልሳለህ?»

«ማስፈራራት ነው እንዴ?»

«አዎ» አለችው ዓይናዲስ።

ክንዱ መስኮቱን አየ፣ እስክሪብቶውን አየ። የከሰዓት ፈረቃውን ስድስተኛ ክፍል ሰጣት። የጠዋቱ ለወጣቱ መምህር እንደተሰጠ ቀረ፤ እሱን አላፈናቀለችም፣ የበደላት እሱ አልነበረም።

ክፍል በገባችበት ቀን ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ እየጻፈች ሳለ ከኋላ ወንበር የማንኮራፋት ድምፅ ተሰማ። ጥቂቶች ሳቁ። ዓይናዲስ ጠመኔውን ይዛ ዞረች፤ ማን እንደሆነ አልፈለገችም።

«ማንኮራፋት ያማረው ጨርሶ ያንኮራፋ። እጠብቃለሁ» አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ደረቷ ላይ እጇን አጣጥፋ በእርግጥ ጠበቀች፤ ዝምታው ልጆቹን እስኪከብዳቸው ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ዞራ ሦስት አራተኛን ከሁለት አምስተኛ ጋር ደመረች፣ የት ጋ እንዳልገባቸውም ጠየቀች። ሦስት እጆች ተነሡ።

ወይዘሮ መንበረ በዓል ሊውሉ ሲመጡ ልጃቸው ሳሎን ፍራሽ ላይ እንደሚተኛ አዩና «ምን ዓይነት ጉድ ነው? ሚስት ባሏን ከአልጋ ታስወጣለች?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው ሰውአገኝ ራሱ ነው። «እማዬ፣ እባክሽ ዝም በይ» አላቸው፤ ዕድሜ ልኩን ለእናቱ እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር። ዓይናዲስ ወጥ ቤት ሆና ሰማች። ደስ አላት። ደስ ማለቷ ግን ቁጣዋን አላጠፋውም።

ከበዓሉ በኋላ አንድ ምሽት የመታጠቢያው ገንዳ ላይ ማስኩን በሳሙና እያጠበች ሳለ ሰውአገኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እጆቹን ከኋላው አድርጓል፤ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ አጠገብ ሲቆም ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

«ላግዝሽ?» አለ።

«አይ።»

ከበሩ አልተነሣም። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ወደ አልጋው መቼ እንደምትመለስ ነው?»

«አዎ።»

ዓይናዲስ ማስኩን ወደ መብራቱ አነሣችና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም ክፍት ናቸው። ፎጣው ላይ አስቀመጠችው፣ እጇን አደረቀች።

«ገና ነው» አለችው።